ምሳ ከማን ጋር በላሽ?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ማታ የልጄን ምሳ ዕቃ ስከፍት እንጀራው ጠዋት እንደጠቀለልኩት ተቀምጧል። ሽሮው ረግቶ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል፤ እንጀራው ከሥር በኩል ላቦት ጠጥቶ ከዕቃው ጋር ተጣብቋል። ደክሞኝ ከሥራ ገብቼ ስለነበር ብዙ አልተመራመርኩም። ጠዋት በጫማ ጉዳይ ተጨቃጭቀን ነበርና ያኮረፈች መሰለኝ። «አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» አልኳትና አሙቄ አቀረብኩላት። አንዲት ቃል ሳትመልስ በላችው። ያን ምሽት ያንን ተረት መተረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግሥቱ ምሳ ዕቃው ባዶውን መጣ። ሐሙስም ባዶ፣ ዓርብም ባዶ። ተረቱ የሠራ መሰለኝ።

ልጄ ያን ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችው አፍንጮ በር አካባቢ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረዋት ካደጉ ልጆች ጋር ነው። ሚኒስትሪ ተፈትነው ሲያልፉ እነዚያ ልጆች ተበታተኑ። እኛም በዚያው ክረምት ከአፍንጮ በር ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስለገባን ለቤታችን ቅርብ በሆነ ሌላ ትምህርት ቤት አስመዘገብናት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ታክሲው ብዙ ተጨንቄያለሁ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት ጓደኞቿን ሁሉ አጥታ አንድም ሰው ወደማታውቅበት ግቢ እንደምትገባ ግን አላሰብኩም። ልጅ ቶሎ ይለምዳል ብዬ አለፍኩት።

ከኅዳር ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ። ታናሽ ወንድሟን በማይረባ ነገር ትመታው ጀመር፤ ድሮ ጠረኑን የምትወደው ልጅ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት መሄድ ተወች። ስጠራት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠራኋት አትሰማም። ከዚያ ሆዷን ያማት ጀመር። በአዲስ አበባ ልጅ ሆዱን ሲያመው እናት የምታደርገው የታወቀ ነው፤ ክሊኒክ ወሰድኳት። ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ የሰገራ ምርመራ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ሁሉም ታየ። ምንም የለም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ወረቀቱን አስቀምጣ ወደ ልጄ ዞረችና «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

«እሑድ ማታ።»

«ዓርብ ማታስ?»

«ዓርብ አያመኝም።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቷ፣ ስለ ትምህርት ቤት አነጋግሯት» አለችኝ። መድኃኒት አላዘዘችም። መድኃኒት ባለማዘዟ ቅር ብሎኝ ወጣሁ።

አነጋገርኳት፤ ማነጋገር ከተባለ። እንደ ፖሊስ ነበር የጠየቅኳት። «ከማን ጋር ነው የምትውይው? ወንድ አለ? ሺሻ ቤት ሄደሻል?» እኛ ወላጆች ስለ ልጆቻችንና ስለ እኩዮቻቸው ስናስብ የምናውቀው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ ጥሩ ልጅ፣ ክፉ ጓደኛ፣ ጫት፣ ጥፋት። ይህ ታሪክ ውሸት አይደለም፣ ስንት ቤት አፍርሷል። እኔ ግን ሌላ ታሪክ መኖሩን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ክፉዋን ጓደኛ ፍለጋ ተኝታ ሳለች ስልኳን ከፈትኩ።

ምንም አልነበረም። ከወንድ የመጣ መልእክት የለም፤ ከሴትም የለም። ቴሌግራሟ ላይ ከክፍሏ ልጆች ጋር የተጻጻፈችው የመጨረሻ ነገር ከሦስት ሳምንት በፊት የላከችው ነው፤ «ሰላም ነው? የሒሳብ ወርክሺቱን ትልኪልኛለሽ?» ከሥሩ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች አሉ። መልስ የለም። ያን አይቼ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ «ተመስገን፣ ክፉ ጓደኛ የላትም» አልኩና ስልኩን ቦታው መልሼ በሰላም ተኛሁ። የልጄን ሕመም በእጄ ይዤ አይቼ ሳላውቀው አስቀመጥኩት።

እውነቱን የነገሩኝ የትምህርት ቤቱ የበር ጥበቃ ናቸው። በጥር ወር የመንፈቅ ዓመቱን ካርድ ልንቀበል በተጠራንበት ቀን ስወጣ ጠጋ አሉኝ። በዕድሜ የገፉ፣ ካፖርታቸው ከጉልበታቸው የሚወርድ አባት ናቸው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት አይቆጡኝም?»

«ምን እቆጣለሁ አባቴ፣ ይንገሩኝ።»

«ልጅዎ ምሳዋን የምትሰጠው ለእኔ ነው። እጾማለሁ ትለኛለች። የገና ጾም ነው ብዬ እቀበላት ነበር። ገና ካለፈ በኋላም እጾማለሁ ስትል ግን ነገሩ ከነከነኝ።» ትንሽ ዝም አሉና «ደግሞ በምሳ ሰዓት ግቢውን ትዞራለች። የምትሄድበት ያላት ትመስላለች እንጂ የትም አትደርስም» አሉኝ።

ቤት እስክደርስ ድረስ ያ አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣም። አንዲት ልጅ ብቻዋን መሆኗ እንዳይታወቅባት ለአንድ ሰዓት ያህል ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ በሩ፣ ጉዳይ እንዳለው ሰው ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ከመስከረም እስከ ጥር።

ያን ምሽት ምንም አልጠየቅኳትም። የተናገሩትን ብቻ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችኝ። የክፍሏ ስድስት ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አብራቸው ትበላ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ በተለመደው ቦታዋ ላይ ቦርሳ ተቀምጧል። ልትቀመጥ ስትል አንዷ ቀና ብላ ሳታይ «ሰው አለበት» አለቻት። ቆማ ጠበቀች። እስከ ደወሉ ድረስ ማንም አልመጣም። በማግሥቱም ቦርሳው እዚያው ነበር። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልመታትም፣ ከክፍል ውስጥ ሰላም የሚሏት ጊዜም ነበር። ለመምህር የሚነገር ነገር አልነበራትም። «ምን ብዬ ልክሰስ? ቦርሳ አስቀመጡብኝ ልበል?» አለችኝ።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ ያልረሳሁት አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ነው። ሰዎች የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው በኮምፒውተር ኳስ ይቀባበላሉ። ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ያሉ ይመስላቸዋል፤ በእርግጥ የሚጫወተው ኮምፒውተሩ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ ይቀባበላሉ፣ ለሦስተኛው መወርወር ያቆማሉ። በዚያን ጊዜ በተገፋው ሰው አንጎል ውስጥ ሥራ የሚበዛበት አንደኛው ክፍል፣ የአካል ሕመም ሲያሠቃየን የሚነቃው ክፍል ነው። ኳሱ የውሸት ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች ይህንኑ ጨዋታ ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችንና አዋቂ ሴቶችን አጫውተው ሲያነጻጽሩ ስሜታቸው የበለጠ የተጎዳው ልጃገረዶቹ ነበሩ። ይህን ሳነብ የልጄ ሆድ ትዝ አለኝ። ሰበብ እየፈጠረች ነው ብዬ አስቤ ነበር። አልዋሸችም፤ ያማት ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ ወጣቶችንና አዋቂዎችን የመኪና መንዳት ጨዋታ በኮምፒውተር አጫወቱ፤ አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ እኩዮቹ እያዩት። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ሰው ቢያያቸውም ባያያቸውም አነዳዳቸው ያው ነው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ግን እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ አደጋውን ይደፍሩታል። ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያውቁትን ነገር እኩያ ሲያያቸው የሚረሱት ይመስላል። ልጅህን «አእምሮ የለህም?» ብለህ የተቆጣህ አባት ብትኖር፣ አእምሮ አለው። ግን የእኩያ ዓይን ሲያርፍበት ለእሱ የሚመዝነው ነገር አንተ ከምታስበው የተለየ ነው።

ስለ እኛ አገር ግን ከጥናት ይልቅ አንድ ቃላችን የበለጠ ያስረዳኛል፤ ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው። ሰዎች ይሉኛል፣ ሰዎች ያዩኛል፣ ሰዎች ይታዘቡኛል። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ነው፤ እናቴም እኔን ያሳደገችኝ በዚህ ነው። እንግዳ ፊት አትብዪ፣ ሰው ምን ይላል። በዚህ ልብስ አትውጪ፣ ሰው ምን ይላል። ይሉኝታ ክፉ ነው አልልም፤ ይሉኝታ ቢስ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ነገር ግን ልጅ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው «ሰው» የሚለው ቃል በውስጡ ትርጉሙን ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ «ሰው» ማለት ጎረቤት፣ አክስት፣ የንስሐ አባት ነበር። አሁን «ሰው» ማለት የክፍል ልጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን እንድትፈራ አስተምረናት፣ የምትፈራው ዓይን ሲለወጥ «ለምን በጓደኛ ትመሪያለሽ?» እንላታለን። ያን የጠዋቱን የጫማ ጭቅጭቅም አሁን ነው የገባኝ። ዩኒፎርም ሁሉንም ካመሳሰለ በኋላ ሰው የሚለየው በጫማው ነበርና፣ ከእነሱ ጋር ለመቀመጥ የሚያበቃት ጫማ እየጠየቀችኝ ነበር።

እኔም በልጅነቴ ተገልያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስት ጓደኞቼ ተስማምተው አኮረፉኝ፤ ለአንድ ወር ያህል አላናገሩኝም። ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈር ነበረኝ። ሰፈር ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት ልጆች ስለ ሰባተኛ ክፍል ምንም አያውቁም፤ አንዷ አራተኛ ክፍል ነች፣ አንዷ አሥረኛ። በትምህርት ቤት የተጠላሁ ሰፈር ውስጥ ተፈላጊ ነበርኩ። አሁን የምንኖርበት ሕንፃ ላይ ብዙ ልጆች አሉ፤ ደረጃ ላይ ተያይተው ይተላለፋሉ። ልጄ በር ዘግታ ስትገባ ደግሞ ያ ክፍል በስልኳ ተከትሏት አልጋዋ ድረስ ይገባል። የስድስቱን ፎቶ፣ የልደት ኬካቸውን፣ ያልተጠራችበትን ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተኝታ ታያለች። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይባላል፤ እሷ የአምስት ሰዓት እንቅልፍ ስታገኝ ጥሩ ሌሊት ነበር። ወንድሟን ትመታ የነበረችው እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለነበረችም ነው።

መገለል ትምህርትንም ይነካል፤ ይህን ወላጆች ባናቃልለው ጥሩ ነው። ስድስቱ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ወርክሺትና የቆየ ፈተና የሚቀባበሉት እርስ በርሳቸው ነው። ከምሳው የተገፋች ልጅ ከወርክሺቱም ትገፋለች። ያን ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ ይሰማ የነበረውን ወሬ አስቡት፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። ከመቶ ሦስትና አምስት ብቻ ያለፈበት በር ፊት የቆመ ልጅ አጠገቡ ያለውን ልጅ እንደ ጓደኛ ብቻ ማየት ይከብደዋል። የዚህ ፍርሃት ምንጭ እኛ አዋቂዎች ነን። ካርድ ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው ደረጃውን ነው፤ ቀጥለን የምንጠይቀው የጎረቤት ልጅ ስንተኛ እንደወጣች ነው።

ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት በትሕትና አነጋገረችኝ፤ «የልጆች ነገር ነው፣ ያልፋል» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ በክፍሏ ከሃምሳ የማያንሱ ልጆች አሉባት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት ይላል፤ በዚያ ስሌት እዚያ ክፍል ውስጥ ሰባት ልጆች አሉ ማለት ነው። ያልፋል የሚባለው ነገር ሁልጊዜ አያልፍም። ለሥነ ልቦና ባለሙያ ላሳያት ነው ስል ደግሞ አንድ ዘመዳችን «አማኑኤል ልትወስጃት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ስንቱን ያዳነ ቤት ነው፤ እኛ ግን ስሙን ማስፈራሪያ አድርገነዋል። ሄድን፣ አንድ የግል ባለሙያ ዘንድ አራት ጊዜ። ባለሙያዋ ብዙ ነገር አልተናገረችም፤ ግን ልጄ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያዳምጣት ሰው አገኘች።

በሚያዝያ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። እየሳቀች ገባች፤ ስድስቱ ሰባት ሆነዋል። ምሳ ዕቃው በእውነት ተበልቶ ይመጣ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ እርጥብ መግዣ ብር ትጠይቀኛለች። ደስ ብሎኝ ለሁሉም ሰው አወራሁ። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ እሑድ ማታ ሆዷን ይዛ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ እኔም ቦርሳ አስቀመጥኩ።»

ከጎጃም የመጣች አዲስ ልጅ ነበረች። በአነጋገሯ ይስቁባት ነበር። ልጄም አብራ ሳቀች። ያን ቀን ልጅቷ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ ባዶ የነበረው ቦታ ከልጄ አጠገብ ያለው ነው፤ ስድስቱ አዩዋት። ምንም አላሏትም፤ ዝም ብለው አዩዋት። ቦርሳዋን አነሳችና አስቀመጠች። «ሰው አለበት አልኳት። እማ፣ ቃሉ ራሱ ነው ከአፌ የወጣው።»

መቆጣት ነበረብኝ ይሆናል። አልቻልኩም። ከውጭ ሆና ሆዷን ያማት ልጅ ከውስጥ ሆናም ያማታል። ያቺ ወንበር ከተሰጠቻት ጀምሮ አንድ ቀን መልሰው እንዳይወስዱባት ትጠብቃት ነበር፤ ምን እንደምትለብስ፣ በምን እንደምትስቅ፣ ማንን እንደማታናግር እየተጠነቀቀች። ይህን ከማወቄ በፊት እነዚያን ስድስት ልጆች በልቤ ስረግማቸው ነበር የከረምኩት። አሁን ስድስቱንም እያንዳንዳቸው እሑድ ማታ ምን እንደሚሰማቸው አስባለሁ። ያቺ መጀመሪያ «ሰው አለበት» ያለቻት ልጅ ቀና ብላ ያላየቻት ለምን ነበር?

በሰኔ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ገባች፤ መጽሐፍ ማንበብ ስለምትወድ ዜና እንድታነብ ሞከሯት። እዚያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች አሉ፣ የዘጠነኛ አሉ፤ ማይክሮፎን ሲበላሽ አብረው ይጠግናሉ። እኔ ሰፈር ውስጥ የነበረኝን ነገር ይመስለኛል። ትምህርት ቤቶች እንዲህ ዓይነቱን ክበብ ለጌጥ ብቻ ባይይዙት፣ በምሳ ሰዓትም አንድ መምህር ግቢውን እየዞረ ብቻውን የሚዞረውን ልጅ ቢያይ እላለሁ። የእኔን ልጅ ያዩልኝ የበር ጥበቃው ናቸው፤ ማየት የማንም ሥራ ስላልነበረ።

ለጎጃሟ ልጅ በኋላ ምን እንዳለቻት ነግራኛለች። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት አንብባው ያቺን ክፍል እንድተዋት ጠይቃኛለች፤ ትቻታለሁ።

አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። ማታ ስትገባ «ስንት አገኘሽ?» ማለት ትቻለሁ፤ «ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ስም ትጠራልኛለች፣ አንዳንድ ቀን «ከሚኒ ሚዲያ ልጆች ጋር» ትላለች፣ አንዳንድ ቀን «ብቻዬን» ትላለች፤ ብቻዬን ስትል እንደ ድሮው ዓይኗን አትሰብርም። እሑድ ማታ ሆዷ አሁንም አልፎ አልፎ ያማታል። ያን ጊዜ የእሷም የእኔም ስልክ ሳሎን ይቀመጣል፤ እሷ አልጋው ላይ ትጋደማለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ዩኒፎርሟን እተኩሳለሁ። አንዳንዴ ታወራለች። ካላወራች ደግሞ ቀሚሱን ጨርሼ ሸሚዙን እቀጥላለሁ።